ጋሼን ሳላስቀይም መኪናዋን እንዴት ላስመርምር?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ43 ዓመት ሰው ነኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እኖራለሁ። ልጅነቴ ያለፈው አዲስ አበባ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የመኪና ፍቅር የያዘኝም እዚያው ነው። ለዓመታት የተመኘሁት አንዲት ቀላል የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና መግዛት ነበር፤ ለዚሁ ብዬ 24,000 ዶላር አጠራቅሜያለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን የማከብራቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉ። እዚህ አገር ስመጣ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ከ15 ዓመት በፊት ከአንድ አሜሪካዊ የገዟት ቀይ የ1960 ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት አለቻቸው፤ ያቺ ዓይኗ እንደ እንቁራሪት የፈጠጠው። አሁን ጉልበታቸው ስለከዳቸው ሊሸጧት ነው። «ላንተ ስለሆነ 19,500 ዶላር፤ ኦሪጅናል ናት፣ ቁጥሯ ሁሉ ይገጥማል» አሉኝ።

ባየኋት ጊዜ የታዘብኳቸው ነገሮች አሉ። ኮፈኗ ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫዋ ነው የሚከፈተው። ዲናሞ (የድሮው የኤሌክትሪክ ማመንጫ) መሆን የነበረበት ቦታ ላይ አልተርኔተር (በኋላ የመጣው ዓይነት) አለ፤ የሞተር ዙር ቆጣሪው አይሠራም። የሻንሲ ቁጥሯ የተጻፈበት ሳህን አዲስ ይመስል ያብረቀርቃል። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ያለው ቁጥር በ«9ሲ» ይጀምራል፤ ሳህኑ ላይ ያለው ግን በ«ኤኤን5ኤል»። የሾፌሩን በር ለመዝጋት ደግሞ ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አንስቼ ብጠይቃቸው «አላመንከኝም ማለት ነው?» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ጣሪያ የሌላት የ60 ዓመት መኪና ለምን ይሆነናል?» ትላለች። ወደፊት አገር ቤት ልወስዳትም አስባለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

መ. ነኝ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦

ወንድማችን መ.፣ ከደብዳቤህ ውስጥ ከመኪናዋም በላይ ጎልቶ የታየን ይሉኝታህ ነው። ሥራ ያስገባህን ሰው «ንብረትዎን ላስመርምር» ማለት ይከብዳል፤ እንረዳሃለን። ግን ጋሼ ራሳቸው መኪናዋን ያገኟት ፋብሪካ ከወጣች ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ከሆናት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስለሆነው ነገር የሚያውቁት ሻጩ የነገራቸውን ያህል ነው። «ኦሪጅናል ናት» ሲሉህ የሰሙትን እየመሰከሩልህ ይሆናል። ጥያቄህ የሚመለከተው ከእሳቸው በፊት ካቻቢቴ ይዘው የገቡባትን ሰዎች ነው። በዚህ በኩል ስታየው አፍህ ትንሽ አይፈታም?

ስፕራይት በግንቦት 1958 ሞናኮ ላይ ለዓለም ታየች (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የአንተዋ ዓይነት እስከ 1961 ድረስ እንግሊዝ፣ አቢንግደን ላይ 48,987 ተመርታለች። ዋጋዋ እንዲቀንስ የተሠራችው በውሰት ዕቃ ነው፦ ሞተሯና የፊት እግሯ ከኦስቲን ኤ35፣ መሪዋ ከሞሪስ ማይነር። በኋላ የመጡት ታናናሾቿና የኤም ጂ ሚጀት ዕቃም ያለ ብዙ ትግል ይገጥምላታል። ስለዚህ ስድሳ ዓመት ሙሉ ያገኘው ሁሉ ያገኘውን ሲሰካባት ኖሯል። ያልተነካች ስፕራይት ብርቅ ናት፤ የተነካች ሁሉ ግን መጥፎ አይደለችም። አንተ መለየት ያለብህ የትኛው ለውጥ ዋጋ ብቻ እንደሚቀንስና የትኛው ከመግዛት እንደሚከለክል ነው።

ከኮፈኑ እንነሳ። ከፋብሪካ ስትወጣ ኮፈኑና ሁለቱ ፓራፋንጎዎች አንድ ቁራጭ ሆነው ማጠፊያቸው ከመስታወቱ ሥር ነበር፤ የሚነሳው አፍንጫዋ ነው። ብረቱ ከባድ ነው፤ ድጋፉ ከሸሸ ጎንበስ ያለ መካኒክ ጭንቅላት ላይ ይወርዳል። ብዙ ባለቤቶች ማጠፊያውን ወደ አፍንጫው ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የጋሼም እንደዚያው ተደርጋለች። ይህ ማታለል አይባልም፣ ግን «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ተሸርፏል። ዋናው ጥያቄ ኮፈኑ ብረት ነው ወይስ ፋይበር ግላስ የሚለው ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ከመብራቶቹ ዙሪያ ጀምረህ አስኪደው። የትም ካልያዘ ፋይበር ግላስ ነው። እዚህ ይዞ እዚያ ከለቀቀ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ። ደህና የብረት ኮፈን ለብቻው ብዙ ገንዘብ ስለሚያወጣ በዋጋው ላይ ለውጡ ትልቅ ነው።

አልተርኔተሩና የማይሠራው ዙር ቆጣሪ አንድ ታሪክ ናቸው። በስፕራይት ላይ ዙር ቆጣሪው የሚዞረው ከዲናሞው ጀርባ በሚነሳ ኬብል ነው። ዲናሞው ወጥቶ አልተርኔተር ሲገባ ኬብሉ የሚይዘው ነገር ያጣል። ምናልባት የሽቦው አቅጣጫም ተገልብጧል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ሻንሲው ላይ የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር። ባትሪው አልቆ ከሌላ መኪና ከማስነሳትህ በፊት የትኛው ጫፍ ሻንሲው ላይ እንደታሰረ እይ፤ በግምት የገጠመ ሰው አልተርኔተሩን ያቃጥላል። ይህ ሁሉ በገንዘብ የሚመለስ ነገር ነውና እንቅልፍ አይንሳህ።

ታይትሉ ላይ ያለው «9ሲ» ግን ቆም ብለህ የምታየው ነው። «ኤኤን5» የሻንሲ ቁጥር ነው፤ «ኤል» ማለት መሪዋ በግራ የሆነ ማለት ነው። «9ሲ-ዩ-ኤች» ብሎ የሚጀምረው ደግሞ የሞተር ቁጥር ነው። ስለዚህ የጋሼ ታይትል የወጣው በሞተሯ ቁጥር ይመስላል። በዚያ ዘመን የፈረንጅ ጸሐፊ ያገኘውን ቁጥር መጻፉ ያጋጥም ስለነበር ብቻውን የሌብነት ምልክት አይደለም። ሆኖም ገንዘብ ከከፈልክ በኋላ ዲኤምቪ (የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት) መስኮት ላይ «ቁጥሩ አይገጥምም» ብትባል ችግሩ የአንተ ነው። እርማቱ በጋሼ ስም፣ ከሽያጩ በፊት ይጠናቀቅ። ዛሬ የምናውቀው ባለ 17 አሃዝ ቁጥር የመጣው በ1981 ስለሆነ በኢንተርኔት የሚሸጡት የመኪና ታሪክ ማውጫዎች ለዚህች መኪና ብዙም አይረዱህም።

የሚያብረቀርቀውን ሳህን በተመለከተ፣ አዲስ ሳህን አሳትሞ የሚሸጥ ስላለ ሳህን ብቻውን ምስክር አይሆንም። ጋሼን «አሮጌው የት ሄደ?» ብለህ በቀልድ መልክ ጠይቃቸው፤ ቀለም ሲቀባ ተነስቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። የሞተሩም ቁጥር እንዲሁ ነው። ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋናው የብረት አካል) በስተቀኝ፣ ከዲናሞው መያዣ በላይ በሪቬት የተመታች ትንሽ ሳህን ላይ ነው ያለው። ሪቬት ይነቀላል፣ ሌላ ሞተር ላይም ይመታል። ስለዚህ «ቁጥሯ ይገጥማል» ከመባሉ ይልቅ ሞተሩ ራሱ ምን ዓይነት እንደሆነ እይ። ትክክለኛው 948 ሲሲ ነው፣ 43 የፈረስ ጉልበት። ሞኖብሎኩ በስተግራ፣ ከካርቡሬተሮቹ በታች፣ በብሎን የሚፈቱ ሁለት ትናንሽ ክዳኖች ይኖሩታል፤ በኋላ የመጣው 1275 ሲሲ ብዙውን ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ክዳን የለውም። ሌላው በኋላ የመጣው 1098 ሲሲ ሞተር ግን ክዳን ስላለው በዚህ አይለይም፤ ያኔ ካምቢዮውን እይ። የ948ቱ ካምቢዮ ሽፋኑ ለስላሳ ነው፣ ከ1098 ጋር የመጣው ጎድን ጎድን ያለበት ነው። ካርቡሬተሮቹም ይናገራሉ። የመጀመሪያዎቹ ኤስዩ ኤች1 የሚባሉት ናቸው። ከታች ከነዳጅ ጎድጓዳው ወደ ካርቡሬተሩ ሆድ የሚሄድ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ካየህ በኋላ የመጣው ኤችኤስ2 ነው። ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ዲስክ ፍሬን ካለም ከ1962 በኋላ ከመጣ ዕቃ ነው፤ የአንተዋ በአራቱም ጎማ ታምቡሮ ነበራት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጠይቅህ። የምትፈልገው ምንድን ነው፤ አቢንግደን እንደሠራት የቀረች መኪና ወይስ እሁድ ከሰዓት ከልጅህ ጋር የምትነዳት? ለመንዳት ከሆነ ዲስክ ፍሬንና ጎድን ያለው ካምቢዮ ይሻሉሃል፤ እኛም ብንሆን ለመንዳት እሱን እንመርጣለን። ግን ያኔ የምትከፍለው የተነካች መኪና ዋጋ ይሆናል። የኦሪጅናል ዋጋ ከፍሎ የተነካች መኪና መውሰድ ነው ኪሳራው። ጋሼ ጋ ከመሄድህ በፊት ይህን ለራስህ መልስ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን በሩ ነው። ስፕራይት ጣሪያ ስለሌላት ሸክሙን የሚሸከሙት ወለሏ፣ መሃል ያለው ጉብታና ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት ሳጥን ብረቶች ናቸው። እነሱ ሲበሉ መኪናዋ መሃሏ ላይ ትሰምጣለች፤ በሩ ላይኛው ጫፍ ላይ መያዝ ይጀምራል። እንደ እድል የማጠፊያው ፒን ብቻ አልቆም ሊሆን ይችላል። ለመለየት በሩን ክፈትና የኋላ ጫፉን በእጅህ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቀው። ማጠፊያው ላይ ከላላ ችግሩ ቀላል ነው። ካልላላ በሩን ዝጋና ከኋላው ጫፍ ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም ለካ። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ሰውነቷ ሰምጧል። ከዚያ በራሷ የክሪክ ቦታ ጎኗን ከፍ አድርግና በሩን እንደገና ሞክር፤ ክፍተቱ ከተለወጠ ወይም በሩ አልከፈት ካለ ብረቱ ጉልበት የለውም። በክሪክ ብቻ ቆማ ሳለ ሥሯ እንዳትገባ አደራ።

ከዚያ በጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ተቀምጣ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ በታች ያለውን ቦታ በእጅ ባትሪ እይ። የኋላ ባሌስትራዋ እንደ ሌላ መኪና በሁለት ጫፍ አይታሰርም፤ ግማሽ ሆኖ የፊት ጫፉ ወለሉ ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ የኋላ ጎማው የሚያመጣው ግፊት ሁሉ እዚያ ያርፋል። ስንጥቅ፣ ላሜራ በላሜራ ላይ የተደረበ ብየዳ ወይም በቅርብ የተቀባ ወፍራም ጥቁር ሬንጅ ካየህ ተጠራጠር። ካቻቢቴ ይዘህ ጫን በለው፤ ጤነኛ ብረት ድምፁ ጠንካራ ነው፣ የበሰበሰው ይሰምጣል። የእግር ማስቀመጫዎቹን ጥግና የፊት በር ምሰሶ ሥሩን እንዲሁ። ሻንጣ ማስቀመጫዋ ከውጭ ክዳን የለውም። መቀመጫውን አጥፈህ ወደ ውስጥ በመንፏቀቅ ነው የምታየው፤ ማንም ስለማይወደው ብዙ ገዢ ይዘለዋል፣ ውሃ ደግሞ የሚጠራቀመው ትርፍ ጎማው ሥር ነው። አንተ እንዳትዘለው። ድሮ ወለሉ ሲቀየር ሰውነቷ ሳይደገፍ የተበየደ ከሆነ ጥምዝዟ ከነብየዳው ቀርቷል፤ ያንን ለማቃናት ሙሉ በሙሉ መበታተን ይጠይቃል። ይህን ካገኘህ ዋጋው ቢወርድም ተዋት እንልሃለን።

የቀረው ቀላል ነው። ሞተሩን ራስህ ቀዝቃዛ እንደሆነ አስነሳው፤ ቁልፉ ኤሌክትሪኩን ይከፍታል እንጂ ማስነሻው በእጅ የሚሳብ ነው። ሞቆ ስትነዳው የዘይት ግፊቱ ከ40 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ ከሆነና ስትቆም ከ15 ካልወረደ ደህና ነው። ቆማ ስታድር ከሞተሩ ኋላ ጥቂት ዘይት ብታንጠባጥብ የዚህ ሞተር ጠባይ ነውና አትደንግጥ፤ ኩሬ ከሠራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስትመልስ ከፈጨች ካምቢዮው መከፈት አለበት። የፊት ጎማውን አስነስተህ ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው፤ ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ አድርግና ድገመው። አሁንም ከተነቃነቀ ጥፋቱ የኩሽኔታ አይደለም፤ ግሪስ በወቅቱ ያልተሰጠው የእግሯ ፒን አልቋል።

አሁን ወደ ጋሼ። እንግሊዝ፣ ጌይደን በሚገኘው የብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም የፋብሪካው መዝገብ ተቀምጧል። ከመዝገቡ ተጣርቶ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፦ መቼ እንደተሠራች፣ ወደየት አገር እንደተላከች፣ የመጀመሪያ ቀለሟና የውስጥ ሽፋኗ ምን እንደነበር፣ የሞተርና የአካል ቁጥሯ፣ ከፋብሪካ የተገጠሙላት ተጨማሪ ዕቃዎች። እንዲህ በላቸው፦ «ጋሼ፣ እንግሊዝ አገር የመኪናዋ የልደት ወረቀት አለ። እኔ ከፍዬ በእርስዎ ስም ላስወጣላት። ብገዛትም ባልገዛትም ወረቀቱ የእርስዎ ነው።» ይህ ስድብ ሊሆን አይችልም። ወረቀቱ የሞተር ቁጥሩን ካረጋገጠ ዋጋቸው ይጠነክራል፤ ለዲኤምቪ እርማትም አጋዥ ይሆናቸዋል። መኪናዋ ስትወለድ ቀይ ያልነበረች ሆና ብትገኝ እንኳ ራሳቸውም የሚደነቁበት ነገር ነው። ለምርመራው ደግሞ የእንግሊዝ አሮጌ መኪና የሚያውቅ መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ በጋብቻ ጉዳይ ሽማግሌ እንደሚላከው ሁሉ ከባዱን ቃል እሱ ቢናገርልህ በመካከላችሁ ቅሬታ አይገባም። «ልጆቼን በየተራ ይዤ ነውና የምነዳት አንድ ባለሙያ ደህንነቷን ይይልኝ» ብትላቸው የማይገባቸው አይመስለንም። ቅያሜ ቢይዛቸው እንኳ የበሰበሰ ወለል ከገዛህ በኋላ በየእሁዱ ዓይን ለዓይን መተያየት ከዚያ ይብሳል።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ የፈራችው ገንዘቡን ነው፣ ጊዜህን ነው ወይስ ደህንነታችሁን? ጠይቀሃታል? መልሱ እንደዚያው ይለያያል። ገንዘቡ ከሆነ 24,000ውን ከፊቷ ከፋፍለህ አሳያት፤ ቢያንስ 5,000 ዶላር ለመጀመሪያው ዓመት ይቀመጥ። ፍሬንና ፍሪሲዮኑ የሚጋሩት ዋና ሲሊንደር ቆማ ለቆየች መኪና የመጀመሪያው ወጪ ነው፤ የፍሬን ቱቦዎቹም ከውስጥ ይደፈናሉ። ጎማዎቹ ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ምልክት በኋላ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩሃል፤ ላስቲኩ ጥርሱ ቢኖረውም 10 ዓመት ካለፈው ይቀየር። ጊዜህ ከሆነ የሚያስጨንቃት የትኛው ቅዳሜ የቤተሰብ እንደሆነ አብራችሁ ወስኑ። ደህንነት ከሆነ ግን እውነት አላት። ከ700 ኪሎ የማትበልጥ፣ ጣሪያ የሌላት መኪና ናት፤ የሦስት ነጥብ ቀበቶ አስገጥም፣ ሀይዌይ አትውጣባት። ቀበቶው ኦሪጅናልነቷን ይቀንሳል ብሎ የሚመክርህን አትስማ። ሁለት መቀመጫ ብቻ ስላላት ልጆቹን በየተራ ነው የምታንሸራሽረው፤ ይህንንም ቀድማ ትወቅ።

አገር ቤት መውሰድ የሚለውን ለጊዜው ከሒሳብህ አውጣው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች።

ዋጋውን በተመለከተ እስካሁን ባየኸው ብቻ፣ ማለትም በኮፈኑ ማጠፊያና በአልተርኔተሩ፣ 19,500 የኦሪጅናል መኪና ዋጋ ሆኖ አይቆምም። በጨረታ የተሸጡ ተመሳሳይ የተነካኩ ስፕራይቶችን ዋጋ ሰብስብ። ሻጭ የሚለጥፈውን የመጠየቂያ ዋጋ ተወው፤ የተከፈለውን ብቻ ያዝ። ወለሏ ጤነኛ ሆኖ ሞተሯ ተቀይሮ ከተገኘ በተነካች መኪና ዋጋ ውሰዳት፤ ደህና ግዢ ነው። ቀብድ መስጠት ካለብህ ትንሽ ይሁን፤ «ታይትሉ ካልታረመ ወይም ምርመራው ወለሉ ላይ ብልሽት ካገኘ ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። የምስክር ወረቀቱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት ላኩ። እስከዚያው ማግኔትህንና የእጅ ባትሪህን ይዘህ የመቀመጫውን ጀርባ እይ፤ እዚያ ያገኘኸውን ጽፈህ ብትልክልን ዋጋውን አብረን እናሰላዋለን።